«ሁሉም ተካትቷል» ሲባል ምን ማለት ነው? የመዝናኛ መርከብ ሒሳብ ለጀማሪ መንገደኛ

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሰው አንድ ሰዓት ያህል መኪና ቢነዳ ባልቲሞር ወደብ ይደርሳል። መኪናውን እዚያው አቁሞ፣ አውሮፕላን ሳይሳፈር፣ ወደ ባሃማስ ወይም ወደ ቤርሙዳ በሚሄድ መርከብ መጓዝ ይችላል። ልጅ ሲመረቅ ወይም እናትና አባት ከአገር ቤት ሲመጡ «ለምን መርከብ አንይዝም?» የሚለው ሐሳብ በየቤቱ የሚነሳውም አንዱ ምክንያት ይህ ቅርበት ነው። ሐሳቡ በእኔ ዘመዶች ቤት በተነሳ ቁጥር ደግሞ የእኔ ስልክ ይጮኻል። አሥራ አራት ጊዜ በመርከብ ስለተጓዝኩ እንደ ባለሙያ ይቆጥሩኛል።

ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ምግቡም፣ መኝታውም፣ መዝናኛውም ነጻ ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«ነጻ» የሚለው ቃል መርከብ ላይ ሦስት መልክ አለው። አንደኛው በትኬቱ ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ የተከፈለ ነው። ሁለተኛው በሌላ ስም የሚከፈል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሌሊት መርከብ ላይ ያደረ ሰው ቀስ በቀስ ያጠራቀመው ነው። ከዘመዶቼ መካከል ጉዞው ውድ ሆነብን ብለው ያማረሩት ሦስቱን ያደባለቁት ናቸው።

ለመሆኑ መርከቧ የት ነው የምትሄደው?

እውነቱን ለመናገር፣ የትም። ክሩዝ የሚባለው ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከተነሳበት ወደብ ተመልሶ የሚያበቃ ነው። በመካከል ሁለት ወይም ሦስት ወደብ ይነካል፤ ጠዋት ቆሞ ማታ ይነሳል፣ ሌሊቱን ይጓዛል። ሆቴሉ ራሱ ስለሚጓዝ መንገደኛው ሻንጣውን አንድ ጊዜ ብቻ ይፈታል። ጉልበታቸው ለደከመ ወላጆች ከዚህ የበለጠ ጥቅም መርከብ ላይ አላየሁም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። መርከብ ከአውሮፓ አሜሪካ የሚያደርስ መጓጓዣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የጄት አውሮፕላኖች መንገደኛ ጭነው አትላንቲክን በሰዓታት ማቋረጥ ሲጀምሩ፣ ቀናት የሚፈጅበት መርከብ ገበያው ደረቀ። ከዚያ በኋላ ማያሚን መነሻ ያደረጉ ነጋዴዎች ነገሩን ገለበጡት፤ መርከቧን ራሷን መድረሻ አደረጓት። ዛሬ የአሜሪካን ገበያ የያዙት ሦስቱ ትልልቅ ኩባንያዎች የተወለዱት በዚያ ዘመን ነው፤ ኖርዌጂያን በ1966፣ ሮያል ካሪቢያን በ1968፣ ካርኒቫል በ1972። የካርኒቫል የመጀመሪያዋ መርከብ ማርዲ ግራ በመጀመሪያ ጉዞዋ ከማያሚ ወደብ ብዙም ሳትርቅ አሸዋ ላይ ተቀርቅራ ቀርታ ነበር። ኩባንያው ዛሬ በዘርፉ በዓለም ትልቁ ነው።

መጠኑን ለመረዳት «ቶን» የሚለውን ቃል መፍታት ያስፈልጋል። ስለ መንገደኛ መርከብ ሲወራ ቶን የሚባለው ክብደት አይደለም፤ በመርከቧ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ቦታ የሚለካ ቁጥር ነው። ታይታኒክ 46,000 ገደማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሥራ የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ ከ248,000 በላይ ናት። ፊንላንድ ውስጥ ቱርኩ ከተማ የተሠራችው ይህች መርከብ 365 ሜትር ያህል ትረዝማለች፣ 20 ወለል አላት። አልጋዋ ሁሉ ከሞላ 7,600 መንገደኛ ትይዛለች፤ በዚያ ላይ 2,350 ሠራተኛ። ውኃ ላይ የተንሳፈፈች ወረዳ ናት ማለት ነው።

እንዲህ ያሉት ግዙፎች ግን ባልቲሞር አይመጡም። ከወደቡ ወደ ባሕር ለመውጣት ቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ ግድ ነው፤ ከውኃው እስከ ድልድዩ ያለው ከፍታ 57 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ቁመታሞቹ አያልፉም። ስለዚህ ከባልቲሞር የሚነሱት መካከለኛና አሮጌ መርከቦች ናቸው። ለእኔ ይህ ጉድለት አይደለም። ትንሿ መርከብ ላይ ሊፍት መጠበቅ የለም፣ በሁለተኛው ቀን የአስተናጋጁን ስም ያውቃሉ፣ እሱም የእርስዎን።

ትኬቱ እንዴት ይህን ያህል ረከሰ?

በበዓል ሰሞን አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ማዕከል የሚዘጋጀውን ባዛር ያስቡ። የመግቢያው ዋጋ ማንንም አያስቀርም። ገንዘቡ የሚወጣው ከበሩ በኋላ ነው፤ ለልጁ መጫወቻ፣ ለእናት ነጠላ፣ ለራስ ጥብስ። የመርከብ ትኬት እንደዚያ መግቢያ ነው። ልዩነቱ ከባዛሩ ሲሰለቹ ታክሲ ይዘው መውጣት ይችላሉ፤ ከመርከቧ ግን ቀጣዩ ወደብ እስኪደርስ መውጫ የለም።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። ካርኒቫል እ.ኤ.አ. በ2024 ካገኘው 25 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አንድ ሦስተኛው ያህል የመጣው ከትኬት ሳይሆን መርከብ ላይ ከሚሸጡ ነገሮችና ተያያዥ አገልግሎቶች ነው። በሮያል ካሪቢያን በኩልም ወደ ሠላሳ በመቶ ይጠጋል። ኩባንያው ትኬቱን አርክሶ ቢሸጥ እንኳ ሰውየው መርከቧ ላይ ከወጣ መጠጥ ይገዛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቢንጎ ይጫወታል። ባዶ የሄደ ክፍል ግን ምንም አያስገባም። መልሕቅ ከተነሳ በኋላ ባዶ ክፍል የትናንት ጋዜጣ ነው።

ሌላው ምክንያት መርከቧ የምታውለበልበው ባንዲራ ነው። ማያሚ ላይ የምትቆም፣ አሜሪካውያንን የምታጓጉዝ መርከብ የባሃማስ፣ የፓናማ፣ የቤርሙዳ ወይም የማልታ ባንዲራ ሰቅላ ሲያዩ ብዙዎች ይገረማሉ። ኩባንያዎቹ ራሳቸው በሕግ የተመዘገቡት በውጭ ነው፤ ካርኒቫል ለአሥርት ዓመታት በፓናማ፣ ሮያል ካሪቢያን በላይቤሪያ፣ የኖርዌጂያን ባለቤት ኩባንያ በቤርሙዳ። የመርከብ ባንዲራ ጌጥ አይደለም። መርከቧ የየትኛው አገር የሠራተኛና የደኅንነት ሕግ እንደሚገዛት የሚወስነው እሱ ነው። የአሜሪካ የግብር ሕግም እንዲህ ባሉ አገሮች የተመዘገበን ኩባንያ ከመርከብ ሥራ ለሚያገኘው አብዛኛው ገቢ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነጻ ያደርገዋል።

በዚያ ላይ የሠራተኛው ጉልበት አለ። አልጋዎን የሚያነጥፈውና ሳህንዎን የሚያነሳው ሰው ብዙውን ጊዜ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ ወይም ከሕንድ የመጣ ነው። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ውል ይፈርማል፣ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ይሠራል። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የሚያዘው በቀን ቢያንስ አሥር ሰዓት፣ በሳምንት 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ ነው። ከ24 ሰዓት ላይ አሥሩን ቀንሰው ቀሪውን ይመልከቱ። ወደ ጉርሻው ጉዳይ ስንደርስ ይህን ሰው እናስታውሰዋለን።

የባንዲራው ነገር የጉዞውን መስመርም ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ ያላት መርከብ መንገደኛን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳታጓጉዝ ይከለክላል። ስለዚህ ከሲያትል ተነስታ አላስካን አሳይታ ሲያትል የምትመለስ መርከብ የግድ አንድ የውጭ ወደብ መንካት አለባት፤ ብዙውን ጊዜ የካናዳዋን ቪክቶሪያ። መንገደኛው «ማታ ለጥቂት ሰዓት ቪክቶሪያ ምን አስቆመን?» ሲል መልሱ የመቶ አርባ ዓመት ዕድሜ ያለው ሕግ ነው። በኮሮና ዘመን ካናዳ ወደቦቿን ስትዘጋ የአላስካ ጉዞ በሙሉ ሊቀር ነበር፤ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ጊዜያዊ ሕግ አውጥቶ ነው ያዳነው።

ታዲያ በትኬቱ ውስጥ ምን አለ?

ብዙ ነገር አለ፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ክፍሉ፣ በዋናው ምግብ ቤት የሚቀርበው ሦስት ጊዜ ምግብ፣ ራስን ማስተናገጃው አዳራሽ፣ ውኃ፣ ሻይና ተራ ቡና፣ የመዋኛ ገንዳው፣ የማታው ትርኢት፣ የልጆች መዋያው። የልጆች መዋያውን ለይቼ አነሳዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለሚያውቅ ወላጅ፣ ልጁን ጠዋት አስረክቦ እስከ ምሽት ድረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መቆየት ትልቅ ነገር ነው።

የክፍል ዋጋ የሚሰላው በሰው እንጂ በክፍል አይደለም፤ ያውም ሁለት ሰው እንደሚይዘው ተቆጥሮ። «ከ600 ዶላር ጀምሮ» ሲባል ለአንድ ሰው ነው፤ ጥንድ ከሆኑ 1,200 ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለቱንም ቦታ ይከፍላል። ከክፍሎቹ ርካሹ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ነው። ቀጥሎ ባለ መስኮቱ፣ ከዚያ ባለ በረንዳው ይመጣል። እኔ አሥራ አራት ጊዜ ስጓዝ በረንዳ የከፈልኩት ሦስቴ ብቻ ነው፤ ክፍሌ ውስጥ የምቆየው ለመተኛት ስለሆነ ባሕሩን ከላይኛው ወለል በነጻ አየዋለሁ። ባለቤቴ በዚህ አትስማማም።

ካሊፎርኒያ ያወጣችው ሕግ ከጁላይ 2024 ጀምሮ አስገዳጅ ክፍያዎች በማስታወቂያው ዋጋ ውስጥ እንዲካተቱ ስላዘዘ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የወደብ ክፍያንና ግብርን ደምረው ማሳየት ጀምረዋል። ከዚያ በፊት 300 ዶላር የሚል ትኬት ክፍያው ገጽ ላይ 450 ሆኖ የሚያስደነግጥበት ጊዜ ነበር። ጉርሻው ግን አሁንም ከዚያ ውጭ ነው።

1,200 ከፍሎ የገባ ሰው ለምን 3,000 አውጥቶ ይወርዳል?

ለምሳሌ ያህል ሒሳቡን እንሥራው። ባልና ሚስት ሰባት ሌሊት፣ ትኬት 1,200 ዶላር።

መጀመሪያ ጉርሻ። በትልልቆቹ ኩባንያዎች ለአንድ ሰው በአንድ ቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ በራሱ ጊዜ ሒሳብ ላይ ይጨመራል። 18 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብንወስድ ለሁለት ሰው ለሰባት ቀን 259 ዶላር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ክፍል ለሚያጸዱና ምግብ ለሚያቀርቡ ሠራተኞች የሚከፋፈል ነው። በእኛ ዘንድ ጉርሻ በሰጪው ፈቃድ የሚሰጥ ስለሆነ ስሙ ያሳስታል። መርከብ ላይ ጉርሻ የደመወዝ አካል ነው። አንዳንድ ሰው ቆጣቢ ነኝ ብሎ እንግዳ መቀበያው ሄዶ ያስሰርዛል። ከላይ ያነሳነውን፣ በሳምንት ሰባት ቀን የሚሠራውን ሰው ኪስ ነው ያስሰረዘው።

ቀጥሎ መጠጥ። «የመጠጥ ጥቅል» የሚባለው በቀን የተወሰነ ከፍለው የፈለጉትን ያህል የሚጠጡበት ውል ነው። በቀን 70 ዶላር ነው እንበል፤ በዚያ ላይ 18 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል። ለሁለት ሰው ለሰባት ቀን 1,156 ዶላር ከ40 ሳንቲም መጣ፤ ከትኬቱ ጋር ሊተካከል ምን ቀረው? 14 ዶላር የሚሸጥ መጠጥ በተመሳሳይ ክፍያ 16 ዶላር ከ52 ሳንቲም ይሆናል። ጥቅሉ ዋጋውን የሚመልሰው ሰውየው በየቀኑ አምስት እንዲህ ያለ መጠጥ ከጠጣ ነው፤ ወደብ ወርዶ በሚውልበት ቀንም ጭምር። ላልተወሰነ መጠጥ ነው ቢባልም ገደብ ያለበት አለ፤ በካርኒቫል ጥቅል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ15 የአልኮል መጠጥ በላይ አይሰጥም።

ለእኛ ሰው ዋናው ወጥመድ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ኩባንያዎች ባል ጥቅሉን ከገዛ በዚያው ክፍል ያለች አዋቂ ሚስትም እንድትገዛ ያስገድዳሉ፤ አንዱ ገዝቶ ሁለቱ እንዳይጠጡ ነው። ባል ጠጪ፣ ሚስት በጾምም በፍስክም የማትቀምስ ከሆነች ሒሳቡ ውኃ በላው ማለት ነው።

ኢንተርኔት ለአንድ ስልክ በቀን 20 ዶላር ቢሆን 140። ሁለት ወደብ ላይ በመርከቧ በኩል ለአንድ ሰው በ80 ዶላር ጉብኝት ቢይዙ 320። ደምሩት፤ 3,075 ዶላር ከ40 ሳንቲም። ማንም አላታለላቸውም። እያንዳንዱን ነገር ራሳቸው ነው የፈረሙት፤ ያውም ገንዘብ ሳይነኩ። መርከብ ላይ ገንዘብም ባንክ ካርድም አይወጣም፤ የክፍሉን ቁልፍ ካርድ ማሳየት ይበቃል። እጅ ባዶ ሆኖ ሲከፈል ደግሞ አያምም።

«መጠጥ በነጻ!» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ ሁለተኛው ዓይነት ነጻ እሱ ነው። ጥቅሉ ነጻ ይሆንና በጥቅሉ ሙሉ ዋጋ ላይ የሚሰላውን የአገልግሎት ክፍያ ግን ይከፍላሉ፤ ለሁለት ሰው ለሳምንት ሲባዛ በመቶዎች ዶላር ይሆናል። ሥዕል በጨረታ በሚሸጥበት አዳራሽ የሚታደለው ሻምፓኝም የዚሁ ዘር ነው።

ጥቅማ ጥቅም የሚገኘው እንዴት ነው?

ሦስተኛው ዓይነት ነጻ ይህ ነው። ሸባ ማይልስን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለደንበኞቹ የሚቆጥረውን ነጥብ፣ የሚያውቅ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። አየር መንገዱ ርቀት እንደሚቆጥር፣ መርከቡ ሌሊት ይቆጥራል። በሮያል ካሪቢያን አንድ ሌሊት አንድ ነጥብ ነው፤ ስዊት በሚባለው ሰፊ ክፍል ያደረ ሁለት ያገኛል። በሦስት ነጥብ ወርቅ፣ በ30 ፕላቲነም፣ በ55 ኤመራልድ፣ በ80 ዳይመንድ ይደረሳል። ከዚያ 175 አለ፤ የመጨረሻው ጫፍ 700 ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሌሊት መርከብ ላይ ያደሩ ሰዎች አሉ ማለት ነው፤ አግኝቻቸዋለሁ፣ ስለ ሌላ ነገር ብዙም አያወሩም።

የታችኞቹ ደረጃዎች የሚሰጡት ከምስጋና ብዙም አይበልጥም። ነገሩ የሚቀየረው ዳይመንድ ላይ ነው፤ በቀን አራት መጠጥ ያለ ክፍያ ይሰጣል፣ ለማኪያቶም ያገለግላል። ለእኔ የመጠጥ ጥቅል የሚባለውን ነገር ከናካቴው ያስረሳኝ ይህ ነው። ነገር ግን 80 ሌሊት ማለት የሰባት ቀን ጉዞ 12 ጊዜ ገደማ መሆኑን አይርሱ። በቀን አራት ማኪያቶ ለመጠጣት ሲባል በአሥር ሺዎች ዶላር ማውጣት ሒሳብ አይሆንም፤ ጉዞውን ለጉዞው የሚወድ ሰው መንገድ ላይ ያገኘው ምርቃት ነው።

ይህም ቢሆን እየተቀየረ ነው። ካርኒቫል እ.ኤ.አ. በ2025 ባስታወቀው አዲስ አሠራር የደንበኛ ደረጃ የሚወሰነው በቀናት ብዛት መሆኑ ቀርቶ በሚያወጣው ገንዘብ መጠን እንዲሆን ወስኗል። ለዓመታት ርካሹን የውስጥ ክፍል እየያዘ ሌሊት ያጠራቀመው ሰው ተቆጥቷል። ኩባንያው ግን ባዛሩ ውስጥ ለሚገዛው እንጂ ለሚመለከተው መክፈል አይፈልግም።

አንድ ሌላ ጥቅም አለ፤ በካዚኖ የሚገኝ። ደህና አድርጎ ለሚቆምር ሰው ነጻ ክፍል የሚያቀርብ ደብዳቤ ይመጣል። ከመርከብ ጥቅሞች ሁሉ ውዱ እሱ ነው። አንድ ወዳጄ «በነጻ ነው የምሄደው» እያለ ሦስት ጊዜ ሄዷል፤ ቤቱን ለምን በሁለተኛ ብድር እንዳስያዘ ግን አይናገርም።

ለጀማሪ የሚጠቅመው ቀላሉ ጥቅም የጉዞ ወኪል መጠቀም ነው። ኮሚሽኑን የሚከፍለው ኩባንያው ስለሆነ ትኬቱ አይወደድም፤ ብዙ ወኪሎች ደግሞ ደንበኛ ለመያዝ መርከብ ላይ የሚወጣ ሃምሳም መቶም ዶላር በሒሳብዎ ላይ ያስገባሉ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዤ መሳፈር እችላለሁ?

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ መርከቧ ተመልሳ ባልቲሞር ስለምትመጣ ብዙ ሰው ከአሜሪካ የወጣ አይመስለውም። ወጥቷል። ባሃማስን የረገጠ ሰው ሌላ አገር ገብቶ ነው የሚመለሰው።

የአሜሪካ ዜጋ ወደተነሳበት ወደብ በሚመለስ ጉዞ ላይ በልደት ወይም በዜግነት የምስክር ወረቀትና በመታወቂያ መመለስ ይፈቀድለታል። እኔ ግን ያለ ፓስፖርት አትሂዱ እላለሁ፤ መንገድ ላይ ታሞ ወይም ከመርከቧ ተነጥሎ የቀረ ሰው በአውሮፕላን ለመመለስ ፓስፖርት ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱንና ጊዜው ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ይይዛል፤ መርከቧ የምትነካቸውን አገሮች የቪዛ ሕግም አንድ በአንድ ያጣራል። ሜክሲኮ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ላለው ሰው የራሷን ቪዛ አትጠይቅም፤ ሁሉም አገር ግን እንደ ሜክሲኮ አይደለም። ሰነድ ያልተሟላለት ሰው ወደቡ ላይ ይመለሳል፣ ገንዘቡም አይመለስለትም።

ወላጆች በጎብኚ ቪዛ መጥተው ከሆነ ቪዛው ላይ የተጻፈውን የመግቢያ ብዛት ያንብቡ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ያችን አንዷን ሲመጡ ተጠቅመውባታል። አውሮፓ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ከግሪክ ደሴቶች ወደ ቱርክ ኩሻዳሲ ደርሶ የሚመለስ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ ይጠይቃል።

የጥገኝነት ማመልከቻው በሂደት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከጠበቃው ጋር ሳይነጋገር ትኬት አይቁረጥ። ቅድመ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ሊቆጠርበት ይችላል። ለሦስት ቀን መዝናኛ ተብሎ ዓመታት የተጠበቀ ጉዳይ ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው።

መርከቧ ጥላኝ ብትሄድስ?

ትሄዳለች። ወደብ ስትወርዱ «ሁሉም ሰው ከ4፡30 በፊት ይመለስ» ከተባለ፣ ያ በመርከቧ ሰዓት ነው፤ በደሴቱ ሰዓት ላይሆን ይችላል። በመርከቧ በኩል በተገዛ ጉብኝት ላይ ያሉ መንገደኞች ቢዘገዩ ትጠብቃለች። በራሱ መኪና ተከራይቶ የሄደን ሰው አትጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2024 በሳኦ ቶሜ ደሴት በግል ጉብኝት ላይ የነበሩ ስምንት መንገደኞች ዘግይተው ሲመለሱ መርከቧ መልሕቅ አንስታ አገኟት። ከአገር አገር እየዞሩ ሲከተሏት ቆይተው ሴኔጋል ላይ ነው የደረሱባት። የመርከቧ ጉብኝት ከመንደሩ ሾፌር የሚወደደውም ይህ ዋስትና ስላለበት ነው።

በተቃራኒው ኩባንያው መስመሩን የመቀየር መብት አለው፤ ትኬት ሲገዙ «ተስማምቻለሁ» ያሉት ውል ውስጥ ተጽፏል። መጋቢት 2024 ባልቲሞር ላይ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ሲፈርስ የወደቡ መውጫ ስለተዘጋ መርከቦቹ ለሳምንታት ወደ ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ ተዛውረው ነበር።

ብታመምስ?

ሆድ የሚያውከው ኖሮቫይረስ መርከብ ላይ ይወራል፤ ሰው በአንድ ቦታ ስለሚታጎርና በአንድ ማንኪያ ስለሚቀዳ በፍጥነት ይዛመታል። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል መርከቦችን ይፈትሻል፣ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል፤ 85ና ከዚያ በታች ያገኘች ወድቃለች። ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ ነው። ይህን ቫይረስ በሩ ላይ የሚነሰነሰው አልኮል ብዙም አይጎዳውም፤ ሳሙናና ውኃ ነው የሚያጥበው። ከመብል በፊት እጅ ማስታጠብን ያስተማሩን እናቶቻችን መርከብ ሳያዩ ያውቁት ነበር።

ማዕበል የሚያጥወለውለው ሰው ከመርከቧ ወገብ ላይ፣ ከታችኞቹ ወለሎች ክፍል ይያዝ፤ እዚያ መወዛወዙ ይቀንሳል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ሐኪም አለ፣ ክፍያው ግን በክፍሉ ሒሳብ ላይ ይጻፋል። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ ከአሜሪካ ውኃ ከወጡ በኋላ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አይከፍልም። ከባሕር መካከል በሄሊኮፕተር መወሰድ ሊመጣ የሚችለውን ወጪ ሳስብ፣ ለወላጆች የጉዞ መድን ሳይገዙ አይሂዱ እላለሁ።

የመጀመሪያው ቀን የአደጋ ጊዜ ልምምድ አሰልቺ ነው፤ ግዴታም ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ዳርቻ ላይ ቋጥኝ መትታ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ቀን የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ ደንብ ተቀይሮ ልምምዱ መርከቧ ሳትነሳ ወይም እንደተነሳች ይደረጋል።

ጾመኛ ምን ይበላል? ቡናስ?

ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምግብ ዛሬ በሁሉም ትልልቅ መርከቦች አለ። ምርጡ ግን ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው አይደለም። ከወጥ ቤት ሠራተኞች መካከል ሕንዳውያን ብዙ ስለሆኑ፣ የመጀመሪያውን ማታ የአስተናጋጆቹን ኃላፊ ጠርተው ቅመም ያለው የሕንድ የጾም ምግብ በየቀኑ እንዲዘጋጅልዎ ይንገሩ። በማግስቱ የምስር ወጥ የሚያስታውስ ነገር ይቀርባል፤ እንጀራው ብቻ ነው የሚጎድለው።

ቡናው ግን አሳዛኝ ነው። በነጻ የሚቀዳው ቀጭን ነው፤ ደህናው በክፍያ ነው። አክስቴ ይህን ሰምታ በሁለተኛው ጉዞዋ ጀበና፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ዕጣን ጠቅልላ መጣች። የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ሻማና ዕጣን እሳት ያስነሳሉ ተብለው የተከለከሉ ናቸው። ጀበናው አለፈ፣ ምድጃውና ዕጣኑ እስከ ጉዞው መጨረሻ ተያዙ። ሳምንቱን ሙሉ ጀበናው ክፍሏ መስታወት ሥር ባዶውን ተቀምጦ ነበር፤ ክፍል የሚያጸዳው ፊሊፒናዊ በየቀኑ አጠገቡ ከፎጣ እንስሳ እየሠራ ያስቀምጥለት ነበር።

የመጨረሻው ሌሊት እንዴት ነው?

ሒሳቡ በስልክ ወይም በክፍሉ ቴሌቪዥን ላይ ይታያል። በየማታው ማየት ይሻላል፤ ያላዘዙት ነገር ካለ እንግዳ መቀበያው ጋ የሚስተካከለው መርከቧ ላይ እያሉ ነው፣ ከወረዱ በኋላ ወራት ይፈጃል። የመጨረሻው ቀን ማታ ደግሞ ሻንጣ በር ላይ ይቀመጣል፣ ሠራተኞቹ ሌሊት ይወስዱታል፣ ጠዋት ጉምሩክ አዳራሹ ውስጥ ያገኙታል። በመጀመሪያ ጉዞዬ በር ላይ አስቀምጡ ስባል ሁሉንም አስቀመጥኩ። ባልቲሞር ላይ የኢሚግሬሽኑ መኮንን ፊት የቀረብኩት በሌሊት ልብስና በሸበጥ ነው። ፓስፖርቴን አየ፣ እግሬን አየ፣ «የመጀመሪያ ጊዜህ ነው?» አለኝ።